ካሴቱ ላይ የነበረው ዝናብ

የአባቴ ሙዚቃ የታተመበት ሸክላ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኮልኝ መናኸሪያ ሄጄ ስቀበል፣ ቤት እስክደርስ መታገስ አቅቶኝ እዚያው ቲኬት መቁረጫው ደጃፍ ቆሜ ካርቶኑን በቁልፍ ቀደድኩት፤ ከውስጡ ቀድሞ የወጣው ግን የአባቴ ስምም ፎቶውም አልነበረም፣ ሽታ ነበር። የአዲስ ላስቲክ ሽታ። እማዬ በየዓመቱ የቡና ለቀማ ሲደርስ ከገበያ በሜትር የምታስቆርጠው ነጭ ላስቲክ ግቢያችን ውስጥ መጀመሪያ የተዘረጋ ቀን ልክ እንደዚህ ይሸት ነበር፤ ትንሽ ጋዝ ጋዝ፣ ትንሽ ጎማ ጎማ የሚል፣ እኔና የጎረቤት ልጆች ከሥሩ ገብተን ራሳችንን እስኪያመን የምናሸተው። ስለ ሙዚቃ ልጽፍ ነበር የተነሳሁት። ግን ዙሪያ ጥምጥም አልወድም፤ ይሄ ጽሑፍ ስለ እናቴ ነው፣ ሙዚቃው የገባው የሷ ድምፅ እሱ ላይ ስለነበረ ነው።

ሙዚቃውም ቢሆን የራሱ ወሬ አለው። አባቴ ታምሩ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነው፤ ጎሬ ተወልዶ ያደገ፣ በወጣትነቱ የአውራጃው ኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋች የነበረ። መንግሥት ተለውጦ ቡድኑ ሲበተን ሌላው ወንበር ሲወስድ፣ መጋረጃ ሲወስድ፣ እሱ ጊታሩንና በእግር ሲረግጡት ድምፁን እንደሚነጫነጭ ሕፃን «ዋ፣ ዋ» የሚያሰኘውን ብረት ይዞ መቱ ወረደ፤ እዚያ እናቴን ጫልቱን አገባ፣ እኔን ለሊሴን ወለደ፣ ከመንገዱ ፊት ለፊት አንዲት የጥገና ሱቅ ከፈተ። ጊታሩን ግን አልተወውም። ኦርጋን የሚጫወቱለት ጋሼ በፍርዱ፣ ቀን ቀን ሂሳብ የሚያስተምሩ፣ ግቢያችን ሲመጡ እንኳ ከረባታቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ፤ ድራም የሚመታው ዲንሳ ደግሞ ፀጉር አስተካካይ ነበር፣ የድራሙን እንጨት አጥቶ ሁለት ማበጠሪያ ይዞ ሲመታ አይቼዋለሁ።

ሦስቱ የሚጫወቱት ነገር ስም አልነበረውም። ዛሬ ሸክላው ጀርባ ላይ «ሳይኬደሊክ ሮክ» ተብሎ ተጽፏል፤ ምን ማለት እንደሆነ የማውቀው ስልኬ ተርጉሞልኝ ነው። ያኔ ግን አባዬ «የሚያዞር» ይለው ነበር፣ ሰፈሩ «የእብድ» ይለው ነበር፣ እማዬ ደግሞ እጇን በወገቧ ይዛ በራፉ ላይ ትቆምና፣ «ይሄ ጊታር ያመዋል፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት» ትል ነበር። ግጥም የለውም፣ ሲጀምር አይታወቅም፣ ሲያልቅም አይታወቅም፤ አንዲት ቅኝት ይዘው ሩብ ሰዓት ሙሉ ይዞሯታል፣ ጊታሩ ያለቅሳል፣ ኦርጋኑ ከሥሩ እንደ ንብ ቀፎ ያዜማል፣ እኔ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ ሰውነቴ ሁሉ ሲርገበገብ ይሰማኛል። አባዬ ከሁሉ አብልጦ ሊጫወት የሚፈልገው የሶርን ፏፏቴ ነበር፤ ከሥሩ ቆመህ ከላይ የሚመጣውን ውሃ ትተህ ከታች ወደ ላይ የሚወጣውን ጉም ስታይ፣ መሬቱ ራሱ የሚነሳ እንደሚመስለው፣ ያንን በጊታር ማውጣት።

ካሴት ለመቅዳት ሲወስኑ ስቱዲዮ የሆነው የኛ ሳሎን ነው። ፍራሽ ግድግዳ ላይ ተደገፈ፣ ሰዓቱ ተነቅሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ፣ ጊታሩ የገደል ማሚቶ እንዲኖረው አባዬ ድምፅ ማጉያውን የእማዬ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ በርሜል ውስጥ ደፍቶ ማይኩን ከላይ አንጠለጠለ። በዚህ ምክንያት ውሃ ከቦኖ እየተቀዳ ስንት ሳምንት ከረመ፣ እማዬም በመጣ ሰው ፊት ሁሉ ከሰሰችው። «አባ ገመዴ በርሜሌን ጊታር አጠጣብኝ» ትላለች፤ ኪሱ ሁልጊዜ ሽቦ ስለማያጣ አባ ገመዴ ነበር የምትለው። ጋሼ በፍርዱን ሳይቀር አትምራቸውም፤ «እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት ጋሼ፣ ዝም ብለው ያዩታል?» ስትላቸው ከረባታቸውን እያስተካከሉ፣ «ምን ላድርግ ጫልቱ፣ ማሚቶው ያምራል» ይሏታል። በዚያ ላይ ከቤታችን በታች ወፍጮ ነበር። ወፍጮው ሲነሳ መብራታችን ይደክማል፣ አምፖሉ ብርቱካን ይመስላል፣ የሚቀዳው ቴፕ ዝግ ይላል፤ ሲቀዳ ዝግ ያለ ቴፕ ደግሞ በኋላ ሲሰማ ዘፈኑ ድንገት ሰው እንደሚያባርረው ይፈጥናል፣ ይቀጥናል። አባዬ ከወፍጮው ባለቤት ጋር ስንት ጊዜ ተጣላ። አሁን ሸክላው ጀርባ ላይ የጻፈው ፈረንጅ ያንኑ ቦታ ጠቅሶ ጊዜን ማጠፍ የሚችሉ ሙዚቀኞች ብሏቸዋል፤ ይሄን ሳነብለት አባዬ ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፣ «ጊዜውን ያጠፈው የበቆሎ ዱቄት ነው» አለ።

የመጨረሻው ዘፈን የተቀዳበትን ቀን እንደ ትናንት አስታውሳለሁ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የቡና ወቅት ነው፤ ከእማዬ አባት መሬት፣ ከያዮ በኩል፣ ቀይ እሸት ቡና በጆንያ መጥቶ ግቢው በሙሉ ላስቲክና ሰሌን ተዘርግቶበት፣ ከበሩ እስከ ኩሽናው እግር ማሳረፊያ የለም። ቡና ከተሰጣ በኋላ ዝናብ ከመታው ይሻግታል፣ የዓመት ልፋት ገደል ይገባል። ለዚህ ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ ነበር፤ እማዬ «ቦካን ዹፌ» ብላ ከተጣራች፣ ዝናብ መጣ ማለት ነው፣ ማንም ሰው የያዘውን ጥሎ ይወጣል። እንግዳ ብትሆን ትወጣለህ፣ ጉርሻ አፍህ ውስጥ ቢሆን ትወጣለህ። የሰፈሩ ሰው ይሄን ስለሚያውቅ በቡና ወቅት እኛ ቤት የሚመጣው ሰማይ አይቶ ነው።

ያን ቀን ሰማዩን ያየ አልነበረም። ዘፈኑ ሶር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሞክረውት አልሆን ብሎ፣ በዚያ ከሰዓት ግን ወፍጮውም ተኝቶ፣ ጋሼ በፍርዱም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አባዬ ጊታሩን ይዞ ያንን ጉም በስንት መከራ ወደ ላይ እያወጣው፣ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ከግቢ የእናቴ ድምፅ መጣ። «ቦካን ዹፌ።» አባዬ ጊታሩን ከነሕይወቱ ወንበር ላይ ጣለው። ዲንሳ ማበጠሪያዎቹን ወረወረ፣ ጋሼ በፍርዱ ከነከረባታቸው ተፈተለኩ፣ እኔም ከጠረጴዛው ሥር ወጥቼ ተከተልኩ። ቡናውን እየሰበሰብን፣ እየተጋጨን፣ ላስቲኩን ከአራት ማዕዘን ይዘን እየጎተትን፣ እማዬ መሃል ቆማ በአማርኛ እየጀመረች በኦሮምኛ እየጨረሰች ስታዘን፣ ቴፑን ያስታወሰ ሰው የለም። ቴፑ ግን ይቀዳ ነበር።

ማታ ሲያዳምጡት ሁሉም እዚያ ላይ አለ። የተጣለው ጊታር ብቻውን ሲያፏጭ፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ ሩጫው፣ ጋሼ በፍርዱ አንሸራቷቸው «ወይኔ ሱሪዬ» ሲሉ፣ ከዚያ የእማዬ ሳቅ፣ ሳቋ ደግሞ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ በመጨረሻ ማይኩ ላይ ተደፍታ፣ «አባ ገመዴ፣ ይሄ ነገር እስካሁን እየሰማ ነው እንዴ?» ስትል፣ ከዚያ ቀጭ። ጋሼ በፍርዱ ይቆረጥ አሉ። አባዬ እምቢ አለ፤ ሶርን ፈልጌ አጥቼው እሷ አመጣችልኝ አለ። የካሴቱ መዝጊያ እንደዚያ ሆኖ ቀረ። እማዬ አፈረች፣ ደስም አላት፣ ከዚያ በኋላ እሱ ያንን ጥሪ ሲደግመው እየመሰለችው ታሾፍበት ጀመረች፤ ምክንያቱም አባዬ ኦሮምኛ እየተናገረ ያደገ ሰው ቢሆንም «ዹ» የምትለዋን ድምፅ በሕይወቱ አውጥቶ አያውቅም። ምላስን ወደ ላይ አጥፎ፣ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ውጦ የሚወጣ ድምፅ ነው፣ አማርኛ ውስጥ የለም። እሱ «ዱፌ» ይላል። እሷ ትስቃለች፣ አገጩን ይዛ፣ «ዹ፣ ዹ፣ በል እስኪ፤ ስንት ዓመት አብረን ኖረን አንዲት ፊደል አቃተህ?» ትለዋለች። ደግሞ ይሞክራል። ደግሞ «ዱ» ይላል።

ካሴቱን አባዬ ሁለት ካሴት በሚይዝ ቴፕ አንድ በአንድ እየገለበጠ ጥቂት ቅጂ አወጣ፣ ሽፋኑን ፎቶ ኮፒ አስነሳ። የገዛው ሰው እምብዛም ነው። አንድ የጎሬ ሚኒባስ ሾፌር ለወዳጅነት ብሎ ከፈተው፣ ገና አቀበቱን ሳይጨርስ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ቴፕህ ሳይለከፍ አልቀረም፣ ዝጋውና እንጸልይበት» አሉት ተብሎ ከተማው ሲስቅ ከረመ። ሌላው ለሰው ተሰጠ፣ ሌላው ጠፋ። ቤት የቀረችው አንዷ ናት። እሷን አባዬ በላይዋ እንዳይቀዳባት ብሎ ከጀርባዋ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ሰብሮ ከቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጣት።

የቴፕ ጠጋኝ ልጅ ነኝ፤ የተሰበረ ጥርስ ቦታ ላይ ወረቀት ከተወተፈ ካሴት እንደገና እንደሚቀዳ አውቃለሁ። አምስተኛ ክፍል ሆኜ፣ ክረምት ነው፣ መሰላቸት ገድሎኛል፤ ያኔም አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ልጅ ነበርኩ፣ አሁንም ያው ነኝ። ዜና አንባቢ መሆን እፈልግ ነበር። ባዶ ካሴት አጣሁ። ቁም ሳጥኑ ላይ ወጣሁ፣ ማስቲካ የተጠቀለለበትን ወረቀት አላምጬ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ወተፍኩ፣ ሁለተኛውን ገጽ ወደ መጨረሻው አጠንጥኜ፣ ምን ይጠፋል፣ ዘፈኑ አልቆ ጫጫታ ነው ያለው ብዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩ። የቀበሌያችንን ዜና፣ የጎረቤት ላም መውለዷን፣ የሂሳብ ፈተና መራዘሙን። ወረቀቶቹን ነቅዬ ካሴቱን ወደ ቦታው መለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ደግሞ የሚያስጨንቅ ነገርም አልመሰለኝም። የእማዬ ድምፅ ግቢ ውስጥ አለ፣ እየጮኸ፣ እየሳቀ፣ «ለሊ፣ ነዪ» እያለኝ። የሚያልቅ ነገር መሆኑን ማን ያውቃል።

ስምንተኛ ክፍል ሆኜ እናቴ ሞተች። በሽታው አጭር ነበር፣ ስለሱ አልጽፍም። ፎቶ አላት፣ ሦስት ወይም አራት፤ በሁሉም ላይ እንደ መታወቂያ ፎቶ ተገትራለች፣ አትስቅም። ቪዲዮ የለም፣ ያኔ የሚቀርጽ ስልክ ያለው ሰው በኛ ሰፈር አልነበረም። አርባዋ ወጥቶ፣ የመጨረሻው ዘመድ ተሸኝቶ፣ ድንኳኑ የነበረበት ቦታ ሣሩ ቢጫ ሆኖ እንደቀረ፣ አንድ ከሰዓት አባዬ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጥቶ ካሴቱን ሲያወርድ አየሁት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ እኔ፣ አፌ ላይ የመጣውን ሳልናገር ያደርኩበት ቀን የሌለ ሰው፣ መናገር አቃተኝ። ካሴቱን ከተተው። ሶር ጀመረ፣ ጉሙ ወጣ፣ ጊታሩ ወደዚያ ቦታ እየደረሰ፣ እየደረሰ፣ አባዬ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ቴፑ አስጠጋ። ከዚያ ቀጭ አለና የአንዲት ልጅ ጥርት ያለ ድምፅ መጣ፤ «ጤና ይስጥልኝ፤ የዛሬው የአየር ሁኔታ። በመቱና አካባቢዋ ዝናብ አይኖርም።»

እስከ መጨረሻው አዳመጠው። ላሟን፣ ፈተናውን፣ ሁሉንም። ከዚያ ዘጋውና፣ ሳያየኝ፣ «ጎበዝ አንባቢ ነሽ» አለኝ። በቃ፣ ይሄን ብቻ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ባለፉት ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም፣ እኔም ይቅርታ ብዬው አላውቅም። ጊታሩን ሰቀለው። እኔም አስረኛን ጨርሼ ጂማ ሄድኩ፣ አዲስ አበባ ሄድኩ፣ ሁለቱም ጋ አልተቀመጥኩም፣ ተመልሼ መቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ገባሁ።

አምና ነው እንግዲህ ኤርሚያስ የሚባል አሮጌ ካሴት የሚሰበስብ የአዲስ አበባ ልጅ ስልክ የደወለው። ከመርካቶ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ገዝቶ፣ የቡና ጭነት መኪና ሾፌር የነበረ ሰው ዕቃ መሰለኝ፣ ከውስጡ የአባቴን አገኘ። ውጭ አገር ሸክላ የሚያሳትሙ ሰዎች ሰምተው አብደዋል፣ እንደገና ሊያወጡት ይፈልጋሉ፣ ፊርማ ያስፈልጋል አለኝ። ሌላው ሰው ስንት ይከፍላሉ ብሎ ይጠይቃል መሰለኝ፤ እኔ ግን ያልኩት አንድ ነገር ነው፣ «መጨረሻው ላይ የሴት ድምፅ አለ?» ካሴቱ ሻግቷል፣ ብዙ ከጎተትነው ይበጠሳል፣ እዚያ ልከው ሊያጸዱት ነውና እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም አለኝ። ይሄን ለአባዬ ነገርኩት። በማግስቱ ጊታሩን አውርዶ ክሩን ሲቀይር አገኘሁት። ጆሮው እየደከመ ነውና ከጂማ የጆሮ ማዳመጫ አስመጣ፣ እሱን የሚያክል ትልቅ። አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ «ልጁ ደወለ?» ይለኛል። ስለ እሷ አልጠየቀም። ግን ሌላ የሚጠብቀው ነገር አልነበረም።

መቱ ውስጥ ሸክላ የሚያጫውት ማሽን የለም። ኤርሚያስ ይሄን ስለሚያውቅ በዚያው ቀን ዘፈኖቹን በቴሌግራም ላከልኝ፤ ካርቶኑን አቅፌ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኋላ ገባሁና ከመጨረሻው ጀመርኩ። ጽዳቱ ይገርማል። በርሜሉ ይሰማል፣ የዲንሳ ማበጠሪያ እያንዳንዱ ጥርሱ ይሰማል። ሶር ወጣ፣ ጉሙ ተነሳ፣ አባዬ ወደዚያ ቦታ ተቃረበ፣ ደረሰ፣ እዚያ ላይ ሙዚቃው ቀስ እያለ፣ በጥንቃቄ፣ በትህትና፣ እየራቀ ሄደ። እየደበዘዘ። ሊጠፋ አንድ ትንፋሽ ሲቀረው፣ ከሩቅ፣ ከጊታሩ ሥር፣ «ቦ» የምትል ነገር ተሰማች። ከዚያ ዝም።

ደወልኩለት። ኤርሚያስ ደስ ብሎት ነበር ያነሳው። መጨረሻው የታል አልኩት። «እሱማ ጫጫታ ነበር ለሊሴ፣ ዝናብ ምናምን፣ ሰዎቹ ዘፈኑ ያለቀበት ጋ አለዝበው ዘጉት» አለ። ጫጫታ አይደለም፣ እናቴ ናት አልኩት። እጠይቃለሁ አለና ከሁለት ቀን በኋላ መልሶ ደወለ፤ ካሴቱ የተጫወተው አንዴ ብቻ ነው፣ ሲመልሱት ተበጠሰ፣ የቆረጡትን ደግሞ አላስቀመጡም። ይቅርታ አለኝ። ልሰድበው ፈልጌ ነበር፣ አፌ ለዚህ አይሰንፍም፤ ግን «ጫጫታ ነው» ያለ የመጀመሪያው ሰው እሱ አይደለም።

አባዬን ሦስት ቀን ሸሸሁት። አራተኛው ቀን እሁድ ነበር፣ ካርቶኑን አልጋዬ ሥር አገኘውና የጆሮ ማዳመጫውን ይዞ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ልነግረው ነበር፤ አንዴ በዝምታዬ ያንን ካሴት አሰምቼዋለሁና ዘንድሮ ቀድሜ ልናገር ብዬ ምዬ ነበር። «አባዬ፣ ቆርጠውታል» አልኩት። ጆሮው ላይ ማዳመጫውን ስላደረገ አልሰማኝም፣ ወይም የሰማኝ አልመሰለም፤ በጣቱ ክፈቺው አለኝ። ከፈትኩት። ሩብ ሰዓት ያህል ፊቱን አየሁ። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ የራሱን ጊታር ይከተላሉ። መጨረሻው ሲቃረብ ጣቶቹ ቆሙ፣ ጎንበስ አለ፣ ጆሮውን እንደ ያኔው ወደ ስልኩ አስጠጋ፣ ድምፁ ያለው ጆሮው ላይ መሆኑን ረስቶ።

አለቀ። ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ አባዬ በጣም ቀስ ብሎ፣ ከተቆረጠበት ተቀብሎ፣ «…ካን ዱፌ» አለ።

ግቢው ውስጥ ላስቲክ የለም፣ የያዮው መሬት ለሌላ ሰው ሄዷል፣ በርሜሉም ዝጎ ወድቋል። የእናቴ ድምፅ እዚህ ዓለም ላይ የቀረው አንድ ፊደል ነው፤ እሱንም እሷን የሚያውቅ ሰው ካልሆነ የሚሰማው የለም። አባዬ ማዳመጫውን አውልቆ አየኝ፣ የሚጠብቀው ነገር እንዳለ፣ አገጩን ትንሽ ወደ ፊት አውጥቶ። «ዱ አይደለም፣ ዹ ነው» ልለው ምላሴን አጥፌ ነበር፤ እኔ እችላለሁ፣ ከእሷ ነው የተማርኩት። ግን ያ የሷ ሥራ ነበር።